የማይንቀሳቀሰው ቦረቦር

ሰኞ፣ መጋቢት 15 ቀን 1978፤ ጠዋት 2፡15

ዛሬም አንድ አነሳሁ። አሥራ አንደኛው። ካሜራውን ችካሉ ራስ ላይ አስደግፌ ወደ ቦረቦሩ፣ ጎርፍ በልቶ ወደፈጠረው ገደል፣ አነጣጠርኩ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው እግራቸውን ታጥበው ፊቴ ተደረደሩ። ሰው የሌለበት ፎቶ ምን ይሠራል ይሉኛል። ስንቴ ልንገራቸው? በቀን አንድ፣ ከአንድ ቦታ። ፊልሙ ሲያልቅ ፎቶዎቹን ደራርበን በጣት ቶሎ ቶሎ ስንገልጣቸው ገደሉ ሲሄድ ይታያል።

ታደለች አልተዋጠላትም። አራተኛ ክፍል ሆና ምላሷ የአሥራ ሁለተኛ ነው። አባቷ ልጅ ሳሉም ቦረቦሩ እዚሁ ነበር አለች። መሬት አይሄድም! ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ተናደድኩ፤ ምን ይደረግ።

ደብተሬ፣ ላንተ እውነቱን ልንገርህ። ነገሩ የሳይንስ ትምህርት ብቻ አይደለም። አራተኛ ክፍል የሚማርበት ጭቃ ቤት ከቦረቦሩ አፍ ብዙ አይርቅም። ገደሉ እየቀረበ ነው፣ ልጆቹን ከዚያ እናውጣ ብዬ ለዳይሬክተሩ አምና ነግሬያለሁ። ማስረጃ አምጪ አለኝ። ይኸው፣ እያመጣሁ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጂንካ ጭቃ ብቻ ሆናለች። ጠዋት ስደርስ ዘበኛችን አባባ ማሞ ችካሉን በድንጋይ ይመታሉ። ላልቶ ነው መሰለኝ። መጀመሪያም የተከሉልኝ እሳቸው ናቸው። ከጫፉ አምስት እርምጃ፣ ልጅ እንዳያልፈው፣ አንዲት ጋት እንኳ እንዳትቀንስ ብዬ አደራ ሰጥቻቸዋለሁ። ሁልጊዜ አምስት? ብለው ጠየቁኝ። ሁልጊዜ! አልኩ። በዚህ ግቢ ቃሌን የሚሰማ እሳቸው ብቻ። እግዜር ይስጥልኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3

ሃያ ሦስተኛ። ዝናብ ሁለት ቀን አስቀረብኝ። ሌንሱ ላይ ጭጋግ። በቀሚሴ ጠረግኩት። አንስቼ ወደ ኋላ ስል ተረከዜ ከክፍሉ ጠፈር ሥር ያለው የውሃ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ልወድቅ ነበር። ልጆቹ በመስኮት አይተውኝ ተንከተከቱ። ዓይን የለኝም እንዴ?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

አንጀቴ አርሯል። ዳይ/ሩ አስጠራኝ። ለሠራተኞች ቀን ሰልፍ ፎቶ ያስፈልጋል አለ። ስድስት ቀርቶኛል፣ ለትምህርት ነው አልኩ። ጓድ፣ ሰልፉስ ትምህርት አይደለም? አለኝ። አራቱን ሰጠሁ። ለኔ ሁለት። የወንድሜ ካሜራ፣ ለምኜ ያገኘሁት ፊልም፤ የሚያዝበት ሌላ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ሰልፉ አለቀ። ፊልሙ አዲስ አበባ ሊታጠብ ሄደ። የጤና ረዳቷ ጓደኛዬ በዛሬው አውሮፕላን ይዛው ሄደች። ሜዳው ጨቅይቶ አውሮፕላኑ ሁለቴ ዞሮ ነው ያረፈው። ልቤ አብሮ ሲዞር ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ፎቶዎቹ መጡ። ምነው ባልመጡ።

ሠላሳ ሁለቱን አልጋ ላይ ደረደርኩ። ደራረብኩ፣ ገለጥኩ። ደግሜ ገለጥኩ። ምንም! የገደሉ አፍ በሁሉም ላይ እዚያው፣ ከፎቶው ሥር ያው ቦታ ላይ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጭቃ ስረግጥ የኖርኩት ለዚህ ነው? ዳይ/ሩ አየና ደስ አለው። እሰይ፣ አይንቀሳቀስም፣ ጉዳዩ ተዘጋ አለ። የገዛ ማስረጃዬ አፌን አስያዘኝ። ምሳ አልበላሁም።

ሰኞ፣ ግንቦት 11፤ ከሰዓት 7፡20

መምህራን ክፍል ሆኜ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ፎቶዎቹን ለክፍሉ አሳየሁ። መደበቅ ነውር ነው ብዬ። ታደለች አላልኩሽም? በሚል ዓይን አየችኝ። ተሳስቻለሁ ልጆች፣ ቦረቦሩ አልሄደም አልኩ። አባባ ማሞ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ሳቁ። ኩራት ያለበት ሳቅ። ምነው? አልኳቸው።

«አንቺ ሁልጊዜ አምስት አልሽኝ። ገደሉ ሲመጣ እኔ ችካሉን ነቅዬ ወደ ኋላ። እንደገና አምስት። ስድስት ጊዜ!»

ወይ ጉድ። ስድስት ጊዜ! በዘነበ ማግስት ሁሉ እየለኩ፣ እየነቀሉ፣ እየተከሉ። አደራዬን ጠብቀው። ምን ብዬ ልቆጣ? የተናገርኩት እኔ። ደግሞስ እሳቸው ሲያፈገፍጉ እኔም በየቀኑ አብሬ ሳፈገፍግ አላወቅሁም። ዓይኔ ገደሉ ላይ፤ ክፍሉ ከኋላዬ ሲቀርበኝ አንድ ቀን ዞሬ አላየሁ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ማየት የማስተምረው እኔ ነኝ! ራሴን በጥፊ ብመታው በወደድኩ።

ልጆቹን ይዤ ወጣሁ። አባባ፣ የመጀመሪያው ችካል የቱ ጋ ነበር? አልኩ። ዱላቸውን ዘረጉ። አየሩን አሳዩን። ከገደሉ አፍ ወዲያ፣ ምንም መሬት የሌለበትን፣ ታች ጎርፍ ብቻ የሚታይበትን። እዚያ ቆሜ ነው መጋቢት ላይ ያነሳሁት። አንድም ልጅ አልሳቀም።

ታደለች ሳትታዘዝ ከጫፉ እስከ ክፍሉ ግድግዳ በእርምጃ ለካች። ሰባት። በትልቅ ሰው እርምጃ ሲሆን ከዚያም ያንሳል። ቲቸር፣ እኛ ወንበር ጋ መቼ ይደርሳል? አለችኝ።

በቀጥታ ዳይ/ሩ ቢሮ። ነገርኩት። ፎቶው ሌላ ይላል አለ። የዘበኛ ወሬ ይዤ ለአውራጃው ትም/ጽ/ቤት አልጽፍም አለ። የጽ/ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ለስብሰባ አልዱባ ከተማ ሄደዋል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ነገ ከደወል በፊት ከልጆቹ ጋር ወንበሮቹን አወጣለሁ። ግቢው ውስጥ ባለው ሾላ ሥር አስተምራለሁ። ደብዳቤ አልጠብቅም። በራስሽ ፈቃድ ካሉኝ አዎ እላለሁ። ቢያባርሩኝም ያባ

ዘነበ። ቆርቆሮው ላይ ጀመረ፣ ከባድ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ልጆች እዚያው ክፍል ገብተዋል፤ ሲዘምሩ ይሰማኛል። ነገ ያልኩትን ሰርዘው። አሁን ሄጄ