መንገዳችንን እኩል ስለተካፈለው የጋራ ጥበቃ

ለተከበሩ የአካባቢያችን ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ፦

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በጥበቃው ምርቃት ዕለት ፎቶግራፍ ሲነሱ ፀሐይዋ ዓይንዎን እየወጋችዎ ስለነበር፣ እስካሁን እንደተሻለዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የላይ ሰፈርን ከታች ሰፈር በሚለየው መንገድ ላይ የምሠራ ፀጉር አስተካካይ ስሆን፣ የሁለቱን ሰፈር ጎረምሶች ጠብ ለማብረድ ከነዋሪው ጋር መክረው ከራሳቸው ከጎረምሶቹ ስላቋቋሙልን የጋራ ጥበቃ ምስጋናዬን በዝርዝር ለማቅረብ እወዳለሁ።

፩. ለሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ ሰደርያና ፊሽካ ስላደሉልን፣ አሁን ማን ማንን እንደሚያባርር እንኳን እኛ፣ እነሱም ለይተው አያውቁም።

፪. ማን ከፊት ይሂድ በሚል ስለተኳረፉ፣ መንገዱን ተካፍለው ግራውን የላዮቹ፣ ቀኙን የታቾቹ ይጠብቁልናል። በቀደም አንድ ደንበኛዬ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ስልክ ሊያነሳ ወጣ ቢል፣ የታቾቹ በአጠራጣሪ መልክ ያዙት፤ የላዮቹ ደግሞ ተጠርጣሪው የተገኘው በእኛ በኩል ነው ብለው ተከራከሩበት። ሰውየው ሲለቀቅ የቀረውን ግማሽ ሌላ ሰፈር ሄዶ አስጨረሰ። ሌሎቹ ደንበኞቼም ተከትለውታል።

፫. ልጄ ከላዮቹ፣ የእህቴ ልጅ ከታቾቹ ነው። ከአንድ ትሪ በልተው ያደጉ ልጆች ሰደርያውን ከለበሱ ወዲህ በደጄ ሲተላለፉ ሰላም አይባባሉም። እህቴም ከቤቴ ቀርታለች። ይህንን እንኳ በቀልድ ላልፈው አልቻልኩም፤ ያመኛል።

፬. መሃል ቆሞ ይዳኛቸዋል የተባለው ፖሊስ በፎቶግራፉ ላይ እጅግ አምሮበታል። ከዚያ ወዲያ የውሃ ሽታ ሆኗል።

ዋናው ምስጋናዬም ለዚሁ ነው። ባለፈው እሑድ ሁለቱም ወገኖች ዳኛቸውን ሲጠብቁ ዝናብ ስለመጣ፣ ሁሉንም ወደ ሱቄ አስገባኋቸው። ዝናቡ እስኪያባራ ፖሊሱን ሲያሙ ዋሉ። የጋራ ሐሜት እንዲህ እንደሚያፋቅር አላውቅም ነበር። ልጄና የእህቴ ልጅ በአንዷ የደንበኛ ወንበር ላይ ተደራርበው ሲስቁ አየሁ። በማግስቱ እህቴ መጣች፤ ልጇ ፀጉሩን እንዲቆረጥ ነው ብላ እስኪመሽ ስታወራኝ ቆየች።

ፖሊሱን ባለመላክዎ ላስገኙልን ሰላም ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

በመቀስና በምላጭ ዘወትር ሊያገለግልዎ ዝግጁ የሆነው፣
የመሃል መንገዱ ፀጉር አስተካካይ

ማስታወሻ፦ ሁለቱ ሰፈሮች በሙሉ ድምፅ የመጀመሪያ ውሳኔያቸውን አሳልፈዋል። ፖሊስ ወደ መንገዳችን ብቅ ለማለት የሚሰጋ ከሆነ፣ ከላይም ከታችም የተውጣጡ ልጆች ከጣቢያው ደጃፍ ተቀብለው፣ አጅበው አምጥተው፣ በሰላም ሊመልሱት ቃል ገብተዋል።