ጉዳዩ፦ ልጄ አንድ ሰዓት እንዲቀጣልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ጤናዎ እንደ ደወልዎ የማይዛነፍ፣ ድምፅዎም ዘወትር ያለ ድምፅ ማጉያ የሚሰማ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ባለፈው ወር በሩ ላይ ቆሜ ልጄን ስጠብቅ፣ እርስዎ ለጥበቃ ሠራተኛው «ወንድ ልጅ ካልተቀጣ አያነብም» ሲሏቸው ሰማሁ። ከትልቅ ሰው አፍ የወጣ ነውና አመንኩ። እርስዎም ቃልዎን አክብረው፣ በክፍል የረበሸ ወንድ ሁሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ሰዓት ይቆለፍበት ብለው አዘዙ። ለዚህ ፈጠራዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ይሁንና ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

፩. ልጄ የአሥራ ሁለት ዓመት ጨዋ ልጅ ነበር። ጠመኔ ወርውሮ በተቀጣበት ቀን፣ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ከድስቱ ጋር ብቻውን ስለቀረ አንድ የመርከብ ወጥ ሠሪ የሚተርክ መጽሐፍ እጁ ገባ። ገጽ አርባ ላይ ሲደርስ ተደወለ። በማግሥቱ በትሕትና ሊያነብ ቢሄድ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ «ምን አጥፍተህ ነው?» አሉት። «ምንም» ቢላቸው መለሱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ ያፏጫል።

፪. ነገሩ ተዛመተ። የወጥ ሠሪውን መጨረሻ ለማወቅ የክፍሉ ወንዶች በሙሉ ለጥፋት ተሰለፉ። «ድንቢጥ» የሚሉት፣ በዓመት ሦስት ቃል የማይወጣው ጓደኛው፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ዴስክ ላይ ወጥቶ እንደ አውራ ዶሮ ጮኸ። የሒሳብ መምህርቷ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ አሁን አሁን ከመቅጣታቸው በፊት «ስንት ምዕራፍ ቀረህ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንድ ምዕራፍ ብቻ የቀረው ቅድሚያ ያገኛል።

፫. እርስዎ ግን የወንዶቹ ሥነ ምግባር መበላሸቱን ተመልክተው ቅጣቱን ወደ ግቢ መጥረግ ቀየሩት፤ ቤተ መጻሕፍቱንም ዘጉ፤ በተዘጋው በር ላይም ከዳር እስከ ዳር «ወንዶች፣ አንብቡ!» የሚል ባነር ሰቀሉ። ባነሩ ያማረ ነው። ልጄም መጥረጊያውን ተደግፎ በየቀኑ ያነበዋል።

ለልጄ የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ገጾች ናቸው። ወጥ ሠሪው በሩቅ መርከብ አይቷል፤ መርከቧ እሱን ትየው አትየው ግን አልታወቀም። ልጄ እራት ላይ ማንኪያውን አየር ላይ ይዞ ይፈዛል፤ ተኝቶም «እሳቱን አንድደው!» እያለ ይቃዣል። ስለዚህ ለአንድ ሰዓት ብቻ እንዲቆልፉበት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ፤ ጥፋት የግድ ከሆነም፣ እኔ ራሴ መጥቼ ላፏጭለት ዝግጁ ነኝ።

ከጥልቅ አድናቆት፣ ከማይነጥፍ አክብሮትና ሰሞኑን ከተለማመድኩት ፉጨት ጋር፣

የፉጨተኛው አባት

ማስታወሻ፦ ምናልባት የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ጠፍቶብዎት እንደሆነ፣ ባነሩን ገለጥ ቢያደርጉት በሩ ላይ እንደተሰካ ያገኙታል። በነገራችን ላይ፣ ልጄ ትናንት ሳሎን ያለውን የመጻሕፍት ቁም ሣጥኔን ቁልፍ ጠይቆኝ ነበር። እንዳያቆሽሽብኝ ብዬ አልሰጠሁትም።