ጥፋቱ የሌንሱ ነው

ሰኞ፣ ጥር 4

ሥራ ከመግባቴ በፊት ኩሬው ጋ ደረስኩ፤ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው ጋ። ሰማያዊዋ ወፍ ከውሃው በወጣው የተለመደው ብረት ላይ ነበረች። ሃያ ሰባት ጊዜ አነሳኋት። ቤት ገብቼ ሳየው… ሃያ ሰባት ጊዜ ምስር የምታህል ሰማያዊ ነጥብ። የኔ ሌንስ ሁለት መቶ ሚሊሜትር ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ አያቀርብም። በእግሬ ልቅረብ ካልኩ ደግሞ ብር ትላለች።

ለባሌ አሳየሁት። «የቷ ናት ወፏ?» አለኝ። ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ሲቀልድም ፊቱ አይፈታም።

ተወስኗል። ረጅም ዙም ሌንስ እገዛለሁ። ያገለገለ እንጂ አዲሱማ በነርስ ደሞዝ አይታሰብም።

ይሄ እስክሪብቶ ይንሸራተታል፤ ጽሑፌን አበላሸው። ነገ ሌላ መግዛት።

ረቡዕ፣ ጥር 6

የስምንት ወር ልጅ። ካኑላ፣ ግሉኮስ የሚገባበትን ቱቦ፣ ለማስገባት ሁለት ጊዜ ወጋሁት። ሁለት ጊዜ… እኔ። ክፍላችን ውስጥ የሕፃን ደም ሥር ሲጠፋ «እሷን ጥሯት» የምባለው እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ሙከራ ነው የምጨርሰው።

እንቅልፍ ስላጣሁ ነው። ልጁም ከተቅማጥ ብዛት ደርቆ ነበር፤ የደረቀ ልጅ ደም ሥሩ ይሸሻል። አጠገቤ የነበረችው ነርስ (ቀጭኗ እያልን ነው የምንጠራት) ሁለተኛውን መርፌ ሳልጠይቃት አቀበለችኝ። ሳልጠይቃት ማቀበሏ አናደደኝ።

በምሳ ሰዓት ያገለገለ ሌንስ የሚሸጥበት ቤት ሄድኩ። ልብስ ሰፊዎቹ ፎቅ ላይ፣ ጠባብ ክፍል። ሻጩ ሁለት መነጽር አለው፤ አንዱ አፍንጫው ላይ፣ አንዱ ግንባሩ ላይ። ደንቡ ቀላል ነው፤ መታወቂያ አስይዘሽ ሌንሱን ትወስጃለሽ፣ ፎቶዎቹን ይዘሽ ትመለሻለሽ። «ሌንስ ሱቅ ውስጥ አይመረጥም። ሂጂና የምትወጂውን ነገር አንሺበት» አለኝ።

ባለ ሦስት መቶውን ስቀበለው እጄን አየ። «ሥራሽ ምንድን ነው እህቴ?»

«ቢሮ ነው የምሠራው» አልኩት።

ለምን ዋሸሁ? የሆስፒታሉን መታወቂያ ቦርሳዬ ውስጥ ወደ ታች ገፍቼ መንጃ ፈቃዴን ሰጠሁት።

እሁድ፣ ጥር 10

ባለ ሦስት መቶው ቀላል ነው፣ እጅ ሲነቃነቅ የሚያረጋጋ ማሽንም ውስጡ አለ ብሎኛል ሻጩ። አለ እንኳን ቢሆን አይሠራም። ሁሉም ብዥ ያለ ነው። አንድ ላባ እንኳ ተለይቶ የሚታይ የለም። ርካሽ ነገር… ምን ጠበቅኩ?

ባሌ የፍሪጁ በር ላይ ሠንጠረዥ ለጥፏል። ርቀት፣ ክብደት፣ ዋጋ። የመጨረሻው ዓምድ «የሚስቴ ንዴት» ይላል። ባለ ሦስት መቶው ከአሥር ስምንት አግኝቷል።

ሠንጠረዡን እየሞላ፣ ቀና ሳይል «ሻይሽን ለምንድን ነው ግማሽ የምትቀጂው?» አለኝ።

«እንዳይቀዘቅዝ።»

ግማሽ ሻይማ ቶሎ ነው የሚቀዘቅዘው። ይሄንን እሱ አያጣውም። መሙላቱን ቀጠለ።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ባለ ሦስት መቶውን መለስኩ፣ ባለ ስድስት መቶውን ወሰድኩ። ሻጩ ፎቶዎቹን ለማየት ፈልጎ ነበር፤ እቸኩላለሁ ብዬ አለፍኩት። ሌንሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ጥግ ላይ ቀጭን ክር የመሰለ ነገር አሳየኝ። «ሻጋታ ነው። ደብቄ አልሸጥም።»

ሁለት ኪሎ ይመዝናል። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ያክላል። ታክሲ ውስጥ ሳላስበው አንገቱን ደግፌ ነው የያዝኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ባሰበት። ወፏ ትልቅ ሆነች… ትልቅ ደመና። ሻጋታው ነው እንግዲህ።

መቀመጥ አቃተኝ። መስኮት ወለወልኩ፣ ተውኩት። ገበያ ልሄድ ወጣሁ፣ ከደጃፍ ተመለስኩ። ባሌ «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። ምን ጠፋብኝ?

ሦስተኛ እስክሪብቶ ገዛሁ።

ሰኞ፣ ጥር 18

ጓንት ሳጠልቅ ጣቶቼ… ክፍሉ ይበርዳል። ዛሬ መርፌ ያለበትን ሥራ ሁሉ እየዞርኩ ሸሸሁ። አልጋ አነጠፍኩ፣ ካርድ ሞላሁ። እንደኔ የተጋች ሠራተኛ አልነበረችም።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ሻጩ ዛሬ አላሳለፈኝም። «ፎቶዎቹን ሳላይ ሌላ አልሰጥም» አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ከፈታቸው፤ የባለ ሦስት መቶውን፣ ቀጥሎ የባለ ስድስት መቶውን። ግንባሩ ላይ ያለውን መነጽር አወረደ።

«ሌንሱ ትኩረት ቢስት ኖሮ ወይ ከወፏ ፊት ወይ ከኋላዋ ያለው ነገር ይጠራ ነበር» አለ። «እዚህ ግን ወፏም፣ ብረቱም፣ ሣሩም እኩል ወደ አንድ ጎን ተጎትተዋል። የሁለቱም ሌንስ እንደዚያው ነው።»

ከዚያ ተነሣ። ሩዝ የሞላ ከረጢት መስኮቱ ላይ አስቀመጠ፣ ባለ ስድስት መቶውን ከነሻጋታው ከረጢቱ ላይ አጋደመ። ከመንገዱ ማዶ ያለውን የጥርስ ሐኪም ሰሌዳ አነሳ። ስልክ ቁጥሩ ይነበባል። ከቁጥሩ ሥር የተላጠው ቀለም ሳይቀር ይታያል።

«ሌንሱ አላጠፋም እህቴ።»

«ጠዋት ጠዋት ስለሚበርደኝ ነው» አልኩት። ከመደርደሪያው ቀለሙ የተፋፋቀ ባለ አራት መቶ አወረደ። «ይኼ አሮጌ ነው፤ የሚያረጋጋ ማሽን የለውም፣ ዋጋውም ለዚያ ነው የወረደው። መስታወቱ ግን ንጹሕ ነው። ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ፣ ትራይፖድ ላይ ካቆምሽው ከሁለቱም ይበልጣል።»

ማን ትራይፖድ ጠየቀው? መንጃ ፈቃዴን ተቀብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። አየሁት። ኪሴ ውስጥ መለስኩት።

ሐሙስ፣ ጥር 21

አባቴ ትዝ አለኝ። ስኒው ሙሉ ከሆነ አይወድም። «አትሙሉልኝ» ይል ነበር። እኛ ልጆቹ ቁጥብ ስለሆነ ይመስለን ነበር። አናጢ ነበር። ምስማር መምታት መቼ እንዳቆመ ማናችንም አላስተዋልንም።

ሰኞ፣ ጥር 25

መጻፍ አልፈልግም ነበር።

የሦስት ወር ሴት ልጅ ገባች። እናትየዋ ገና ስታየኝ ፊቷ በራ። «እሷ ትውጋልኝ፤ ለታላቅ ወንድሟ ደም ሥሩን በአንድ ጊዜ ነው ያገኘችለት» አለች። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ደስ አለኝ… «እሷ» መባሉ ደስ አለኝ።

አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ የልጅቷ እጅ አብጦ ጠቆረ። ልጅቷ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። እናትየዋ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ «አይዞሽ ሲስተር» አለችኝ። እሷ እኔን።

ቀጭኗ ከእጄ ተቀበለችኝ። በአንድ ጨረሰችው።

ዕቃ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ፈርቻለሁ። ሌላ ምን ይባላል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይሄንን ብቻ ነው የምችለው። የልጅቷ እጅ ግን የኔን ፍርሃት መሸከም የለበትም።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ለኃላፊያችን ነገርኳት። ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ የወጣው ሁለት ቃል ነው። «እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስከረም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አራት ወር? ማን ያውቃል?»

«አንድ ሌንስ ሻጭ» አልኳት። ልትስቅ ነው ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«ከዛሬ ጀምሮ መርፌ አትይዢም። ሐኪም ታያለሽ። የትናንትናውን በጽሑፍ ታስገቢያለሽ፣ ለእናትየዋም ራስሽ ትነግሪያታለሽ።» ይሄንን ሁሉ ስትል አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ለእናትየዋ ነገርኳት። «ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?» ብቻ አለች። የልጅቷን ያበጠ እጅ ነው ያየሁት።

ለባሌም ነገርኩት። «ሻይሽን ካየሁ ሁለት ወር ሆነኝ» አለኝ። «እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅኩት።» ተናደድኩበት። ከዚያ አለቀስኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 2

ሐኪሙ ጣቴን አፍንጫዬ ላይ አስነካኝ፣ ክብ አሳለኝ። ክቡ ክብ አልነበረም። «ቤተሰብ ውስጥ አለ?» አለኝ። የአባቴን ስኒ ነገርኩት። በዘር የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው፤ አይገድልም። ክኒኑ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። አንድ ነገር ልይዝ ወይም ልሠራ ስል ይብሳል፣ እጄ ካረፈ ጸጥ ይላል።

ካረፈ…

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ወፍራም የአሥር ወር ልጅ። ቀጭኗ እጁንም እግሩንም ፈልጋ ደም ሥር አጣች። እኔ ካርድ እየሞላሁ ነበር። አየችኝ። መጥራት ፈልጋ ማፈሯ ገባኝ።

ሄድኩ። ክንዴን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳረፍኩ፣ ጣቴን የልጁ እግር ላይ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እዚያው አለ… ለስለስ ብሎ፣ ሲጫኑት የሚመለስ። ጣቴ አልረሳም።

«እዚህ። ትንሽ ወደ ውስጥ አዘንብዪው» አልኳት።

በአንድ ገባ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ጠራችኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ሌንስ ቤት። ባለ አራት መቶው እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር።

«ዛሬ መንጃ ፈቃድ ላስይዝ ሳይሆን ልከፍል ነው የመጣሁት» ልል አስቤ አፈርኩ፤ ሻጩን እዚህ ደብተር ላይ አንተ ስል ከረምኩ እንጂ ትልቅ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ እሱን እወስደዋለሁ። ትራይፖድም እፈልጋለሁ» ብቻ አልኩ።

ሌንሱን በጨርቅ እየጠቀለሉ «ሥራሽ ምን ነበር ያልሽኝ?» አሉ።

«ቢሮ ብዬዎት ነበር። ነርስ ነኝ። ሕፃናት ክፍል።»

እጃቸው ጨርቁ ላይ ቆመ። እሳቸውም «ድሮ ሰዓት ጠጋኝ ነበርኩ፣ እጄ አስቸገረኝ» የሚሉኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። አላሉም። አንድ እግሩ በፕላስተር የታሰረ ትራይፖድ ከጠረጴዛው ሥር አወጡና «ይኼኛው አይሸጥም፤ እንዲሁ ውሰጂው» አሉኝ።

እሁድ፣ የካቲት 8

ኩሬው። ትራይፖዱን ጭቃው ውስጥ ተከልኩ፣ በከረጢት ድንጋይ አንጠልጥዬ አከበድኩት። ካሜራው ከተነካ ከሁለት ሰከንድ በኋላ እንዲያነሳ አዘጋጀሁት። ወፏ መጣች። ቁልፉን ነካሁና ሁለት እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ቤት ገብቼ ፎቶውን ከባሌ ጋር አሰፋነው። ላባዎቹ አንድ በአንድ። ምንቃሯ ጫፍ ላይ ልትወድቅ የቀረባት የውሃ ጠብታ። ባሌ ወፏ የቷ ናት አላለም። ሠንጠረዡን ከፍሪጁ አንሥቶ ሻይ ቀዳልኝ። ግማሽ። ሳልጠይቀው።

ይሄንን የምጽፈው በመጀመሪያው እስክሪብቶ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ምንም አልሆነም። ፊደሎቼ ተወላግደዋል… ግን ይነበባሉ።