ስለ ጠፋችው ግማሽ ነጥብ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የወረፋና የቀጠሮ አገልግሎት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ሆኑ መላው ቤተሰብዎ ፍጹም ጤናማ እንድትሆኑ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምለው ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ተብለን ስላደግን ብቻ አይደለም። ጤናዎ ድንገት ቢጓደል ራስዎ ያዘጋጁትን ወረፋ መያዝ ሊኖርብዎ ነውና፣ ይህን ያህል ክፉ ነገር ለሰው መመኘት አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼ ከጀርባዬ «ግማሽ ነጥብ» ይሉኝ ነበር፤ መልሱን በትክክል ሠርቶ ሜትር ይሁን ኪሎ ሳይጽፍ የተወውን ተማሪ ግማሽ ነጥብ እቀንስበት ስለነበረ ነው። ስሙን ጠልቼው አላውቅም። የእኅቴን ልጅ እንኳ በግማሽ ነጥብ ጥዬው፣ እኅቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴን ሳትረግጥ ቀርታለች።

ሕመሜ የሐሞት መተላለፊያ መጥበብ ነው። ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርደው ቀጭን መንገድ ጠባሳ እያበጀ ይጠብና ሐሞቱ መውረጃ ያጣል። ያን ጊዜ ሕመሙ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ይነሣል፣ ጀርባዬን ዞሮ ትከሻዬ ላይ ይወጣል፣ እዚያም እንደ እንግዳ ተመቻችቶ ይቀመጣል። እንዲህ ስንኖር ስድስት ዓመታችን ነው። ጎረቤቴ የሆነው ጡረተኛ ሹፌር ባየኝ ቁጥር «መምህር፣ ዛሬም ሐሞትዎ ፈሰሰ?» እያለ ይቀልድብኛል፤ ቢፈስልኝማ ለእርስዎ ደብዳቤ ባልጻፍሁ ነበር።

ከስምንት ወር በፊት በዚሁ ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት ጎበዝ ሐኪም በአፌ በኩል በገባ መሣሪያ መተላለፊያው ውስጥ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አስገባችልኝ። ካርዴ ላይ «በሦስት ወር ውስጥ ይቀየር» ብላ ጻፈች፤ ሥሩንም በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። በቃልም እንዲህ አለችኝ፦ «አባት፣ ይሄ ቱቦ ዕድሜ አለው። ከቆየ ይደፈናል። ሲደፈን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፣ ይገድላል።» ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ያው ቱቦ ስምንተኛ ወሩን ይዞ እዚያው ሆዴ ውስጥ አለ። ጉዳዬ ይኸው ነው።

ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ለተራ ያለዎትን ክብር በአካል አይቻለሁና።

አንደኛ። ቱቦው ሦስት ወር የሞላው ዕለት፣ ቀን ሳላሳልፍ፣ መዝገብ ክፍልዎ መስኮት ፊት ቆምሁ። የመስታወቱ ቀዳዳ በወገብ ከፍታ ላይ የተበጀ በመሆኑ ሆዱን የሚያመው ሰው ታጥፎ ካልሆነ በቀር ድምፁ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ይህን የነደፈው ባለሙያ ታካሚ ሁሉ እጅ እየነሣ እንዲገባ አስቦ ይሆናል። መዝጋቢዋ ካርዴን ተቀበለችኝና ሳትከፍተው ወደ ጎን አስቀመጠችው። ከዚያም ከሚስቀው እስከሚያለቅሰው ስድስት ፊቶች የተሳሉበትን ወረቀት እያሳየችኝ፣ ሕመሜ ከአንድ እስከ አስር ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰባትና ከዚያ በላይ አስቸኳይ ወረፋ፣ ከሰባት በታች መደበኛ ወረፋ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት።

እዚህ ላይ ስለ ነጥብ አሰጣጤ ማብራራት አለብኝ። ነጥብ መስጠት ሥራዬ ስለነበረ ሕመሜን ያለ መለኪያ ትቼው አላውቅም፤ ደብተር አለኝ። ሁለት ማለት እየተሰማኝ ጋዜጣ ማንበብ የምችልበት ነው። አራት ላይ አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ። ስድስት ላይ ሰው ሲያናግረኝ መልስ አልሰጥም፤ ስምንት ላይ ባለቤቴ እንድትነካኝ አልፈቅድም። አስር አንድ ቀን ብቻ ነው። ቱቦው ከመግባቱ በፊት፣ የምንኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ወድቄ፣ የገዛ ልጄ ስም ጠፍቶብኝ «አንቺ፣ አንቺ» እያልሁ የተጣራሁበት ቀን። በዚህ መለኪያ መሠረት የዚያን ዕለት ሕመሜ ስድስት ተኩል ነበርና ስድስት ተኩል አልሁ።

«ጋሼ፣ ተኩል የለንም፤ ኮምፒውተሩ አይቀበልም» አለችኝና ስድስት ብላ መታችው። ግማሽ ሲጠጋጋ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች እንደማይሄድ፣ ይህንም የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እንደሚያውቀው፣ በቀዳዳው በኩል ታጥፌ አስረዳኋት። «እሱን ለበላይ ይንገሩ» አለችኝ። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ በእርሷ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ይኸው ለበላይ እየነገርሁ ነው።

ሁለተኛ። በአምስተኛው ወር ሐኪሟ ያለችው ትኩሳትና ብርድ ብርድ መጣ። አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ተንቀጠቀጥሁ፤ የዓይኔ ነጭ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቴ ጠቆረ፤ ቆዳዬን እስኪደማ አከክሁት። በማግስቱ ማልጄ መጥቼ ከኋላው የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ስድስት ሰዓት ጠበቅሁ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ትኩሳቱ በርዶ፣ ሕመሙም አራት ላይ ወርዶ ነበር። ስለ ብርዱ ልነግራት ስጀምር «እሱን ለሐኪሙ ይነግራሉ፤ ለእኔ ቁጥሩን ብቻ» አለችኝ። እኔም የተጠየቅሁትን ብቻ መመለስ ልማዴ ነውና አራት አልሁ። ኮምፒውተርዎ አዲሱን ቁጥር በአሮጌው ቦታ ተክቶ፣ ከአርባ አንደኛ ወደ ስድሳ ስምንተኛ ተራ አወረደኝ። ሊገድለኝ የመጣው ነገር ምልክት ባሳየ ማግስት ከሞት ሃያ ሰባት ሰው ያህል ስላራቁኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ። ይህን ቅሬታ ባለቤቴ አንብባ «ይሄማ ስድብ ነው፤ አውጣው» ስላለችኝ አውጥቼዋለሁ። ስለ መጸዳጃ ቤቱ ነበር። አንድ ቀን ብቅ ብለው ቢያዩት ምን እንደጻፍሁ አይጠፋዎትም።

አራተኛ። ቅሬታዬን በደንቡ መሠረት በአስተያየት መስጫ ሣጥን ላስገባ ሞክሬ ነበር። ሣጥኑ እስከ አፉ ሞልቷል። ከላይ ከታየኝ ወረቀት ላይ ያነበብሁት ቀን የሁለት ዓመት ዕድሜ አለው። ደብዳቤዬን ከሣጥኑ ጎን፣ ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ የለጠፍሁት እርስዎን ለማሳጣት እንዳልሆነ ከዚህ ይረዱልኛል።

አምስተኛ። ይህ ቅሬታ የተማርሁት ትምህርት ቢባል ይሻላል። ያን አራት ያልሁ ቀን ከፊቴ የነበረ አንድ ደልዳላ ሰው እየተሳሳቀ ስልክ ሲያነጋግር ቆይቶ፣ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ፊቱን ጨምድዶ «አስር!» አለ። የአስቸኳዩን ወረቀት ይዞ ሲመለስ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለና «ጋሼ፣ አስር ይበሉ እንጂ! ፈተና መሰልዎት እንዴ?» ብሎኝ ሄደ። ይህን ቤቴ ገብቼ ብናገር የሚያዝንልኝ አጣሁ። ባለቤቴ «ጎረምሳ ሳለህ ስትዋሸኝ አልነበር? አሁን ምን ያዘህ?» አለችኝ። እኅቴ ግማሽ ነጥቧ እንዴት እንደጠፋች ስትሰማ እጇን አጨብጭባ «እሰይ! እንዲህ ናት ግማሽ ነጥብ! ልጄም እንዲህ ነበር ያረረው» አለች። ማተሚያ ቤት የምትሠራው ልጄ ግን አልሳቀችም። «አባዬ፣ እነሱ ሕመምህን እየጠየቁህ አይደለም፤ በሩን የሚከፍተውን ቃል ነው የሚጠይቁህ» አለችኝና፣ ባለፈው ሰኞ በክፍልዎ የስልክ መስመር ደውላ ስለ እኔ አስር አለች። ያየኝ የለም፤ ካርዴን የከፈተ የለም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ለሚመጣው ማክሰኞ ተቀጠርሁ።

ክቡር ሆይ፣ አምስት ወር ሙሉ በእውነት ያላገኘሁትን በሁለት ደቂቃ ውሸት ስላስገኙልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ይልቁንም የማመሰግንዎ፣ በሠላሳ አራት ዓመት ስንት ወላጅ፣ ስንት ርዕሰ መምህር፣ የገዛ እኅቴ ጭምር፣ ለምነውና ተቆጥተው ያላስደረጉኝን፣ በሰባ አንድ ዓመቴ ያለ ምንም ልመና ስላስደረጉኝ ነው። የተሰረቀ ነጥብ ይዤ ማክሰኞ እገባለሁ። ቀጠሮዬ ይሰረዝልኝ አላልሁም፤ አልልምም። መኖር እፈልጋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ያህል እፈልጋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ይህንንም ያሳወቁኝ እርስዎ ነዎት።

ዳሩ ግን ሒሳብ አስተማሪ ነኝና፣ አንድ ሰው ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው መውረዱን ሳላይ አላልፍም። አዲሱ የወረፋ ዝርዝር በተለጠፈ ዕለት ሄጄ አየሁት። እኔ አራተኛ ሆኛለሁ። ሁልጊዜ ከጎኔ የምትቀመጥ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ያቺው ሐኪም ያንኑ ዓይነት ቱቦ አስገብታላት፣ መቀየሪያው ካለፈ አራት ወር ሆኖታል፤ ዓይኗ ከእኔ ይልቅ ቢጫ ነው። እርሷ ከሠላሳ ዘጠነኛ ወደ አርባኛ ወርዳለች። ያወረዳት ደልዳላው ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ። ቁጥሯ አምስት ነው። ለምን አምስት አልሽ ብላት «አራት ልጅ እቤቴ ወልጄ ይሄን አስር ልበለው? ነውር አይደለም እንዴ መምህር!» አለችኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን ሳለ አንድ ጊዜ እንኳ ጎኗን ሳትለቅ ነው ይህን የምትለኝ።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው። ቱቦ ስላለበት ሰው ቁጥሩን ይተውትና ካርዱን ያስከፍቱ። ሐኪሟ ቀኑን ጽፋዋለች፤ አስምራበታለች፤ በቀይ ነው፤ መነጽር አይጠይቅም። ታካሚዎች በዚያ ቀን ቅደም ተከተል ቢሰለፉ ኖሮ እኔ መዋሸት፣ ልብስ ሰፊዋም መውረድ ባላስፈለገን ነበር። ይህን ለማስተካከል አዲስ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ አዲስ በጀትም አያስፈልግም። ካርድ የሚከፍት እጅ ብቻ ያስፈልጋል፤ እጅ ደግሞ ክፍልዎ ውስጥ ሞልቷል፣ ቆሜ ቆጥሬዋለሁ።

ይህን ረጅም ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ አንብበው ከሆነ ለታካሚ ከሰጡት ጊዜ ሁሉ የሚበልጠውን ለእኔ ሰጥተውኛልና ውለታዎ አለብኝ። ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ጎድንዎ ሥር ምንም እንዳይሰማዎ፣ ሥራዎንም እንደ እስካሁኑ ያለ ምንም ሕመም እንዲሠሩ እየተመኘሁ፣

በታላቅ አክብሮትና ከስድሳ ስምንተኛ ወደ አራተኛ ተራ በውሸት ያለፍሁት፣
ትእዛዝዎን በትዕግሥት ጠባቂ፣
ጡረተኛው የሒሳብ መምህር

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከፈረምሁ በኋላ ልብስ ሰፊዋን አግኝቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አስር እንድትል ላስተምራት ግማሽ ቀን ደከምሁ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ የከበደኝ ተማሪ አልገጠመኝም። ሰምታ ሰምታ በመጨረሻ «እሺ፣ ዛሬ አስር ካልኋቸው፣ ከዚህ የባሰው ሲመጣ ምን እላቸዋለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው የእርስዎ ስለሆነ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ቢሮዎ ድረስ ይዛው ትመጣለች፤ እባክዎን መልሱን አስቀድመው ያዘጋጁላት፣ ብዙ መቆም አትችልም።