ሁለት ሴቶች የበጠበጡልህ ተልባ

ለአንትዬ፣

አፈሩ ይቅለልህ። ከተለየኸኝ መንፈቅ አለፈ። ስንቀብርህ ከጉልበት ያልበለጠው የጓሯችን በቆሎ ደርቆ፣ ተሸልቅቆ ገብቷል። ልጃችን ሰላም ያንተ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀምራለች፤ መጀመሪያ ተቆጥቻት ነበር፣ አሁን ትቻታለሁ። ስልክህ ግን እንደተዘጋ ሣጥን ውስጥ ነው። እሱን አልከፍተውም። ጠላቴ ነበር።

ቅናቴን ታውቀዋለህ፤ ስንቴ ስቀህብኛል። ቡሬ ያለው የዱቄት ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ካደረገህ ወዲህ ግን የቀናሁት በሴት አልነበረም፣ በወፍጮዋ ነበር። ምሳ ላይ ሳለን ስልኩ ጮኾ ወፍጮዋ ቆመች ሲሉህ፣ ያጎረስኩህን ሳትውጥ ትነሣለህ፤ ፊትህ ዐመድ ይመስላል። እኔ ሰላምን ልወልድ ሳምጥ እንኳ እንዲያ አልሆንክም። ከላይ አለቃው ይጮህብሃል፣ ከታች ሠራተኛው ያኮርፍሃል፣ አንተ መሐል ቆመህ ሁለቱንም ትችላለህ። ቤት ስትገባ ደረትህን እያሸህ ጨጓራዬ ተነሣ ትለኛለህ። በእኛ አገር ከአንገት በታች፣ ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። ተልባ ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ በጥብጬ አቀርብልሃለሁ። ትጠጣና ፈገግ ትላለህ። ያ ፈገግታ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በአርባህ ዕለት የፋብሪካው ሰዎች መጡ። ከመካከላቸው የሻረግ የምትባል፣ ፋብሪካው በር ላይ ሻይ ቤት ያላት ጠይም ሴት ነበረች። ነጠላዋን አደግድጋ ሙሾ አወጣች፤

ደረቱን ደግፎ ሲያልፍ ከደጃፌ፣
ተልባ አቀረብኩለት መስሎኝ ማሳረፌ።

ሴቱ ሁሉ እየተቀበላት አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ የእሷም ከአንጀቷ ነበር። እኔ ሚስትህ ግን ደርቄ ቀረሁ። ለካ እዚያም ተልባ ነበረህ! ኋላ ከሴቶቹ ጋር ስታወራ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ደረቱን እንደ ድንጋይ ይጫነው ነበር፣ ግራ እጁ ይዝልበት ነበር፣ ለባለቤቴ እንዳትነግሪብኝ ይለኝ ነበር አለች። ድንጋዩን ለእሷ፣ ጨጓራውን ለእኔ! አንትዬ፣ ሌላ ነገር አድርገህ ቢሆን እንኳ እንዲያ ባልተቃጠልኩ።

የሞትክበትን ነገር እዚህ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ጠየቅሁ። የሥራ ጭንቀት ሲከርም እንቅልፍ ይነሣል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ሲጋራ የሚያጨሰውንም ያስደግማል፤ እንዲህ እያለ ቀስ በቀስ ልብን ይጎዳል አለኝ። ደረት ሲጫን፣ ክንድ ሲዝል ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት ነው አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ማንኩሳን አልፌ ቡሬ ሄድኩ። አልዋሽህም፣ የሄድኩት ለጠብ ነው። የሻረግ ለሁሉም ፈረቃ በሯን የምትከፍት ሴት ናት፤ መቼ እንደምትተኛ እሷም አታውቀው። ሳታኮርፈኝ፣ አንተ ትቀመጥበት የነበረውን በርጩማ አሳየችኝ። ጥግ ላይ ነው፣ ወፍጮዋ በደንብ የምትሰማበት። ከዚያ ውኃ ልትቀዳ ጀሪካን አንሥታ ጥቂት ሄደችና ቆመች። ደረቷን ያዘች፣ ግራ እጇን አራገፈች፣ ግንባሯን ላብ አጠመቀው። ምን ሆንሽ ስላት፣ ጨጓራዬ ነው እቴ፣ ይተወኛል አለችኝ። ለራሷም ተልባ በጥብጣ አስቀምጣለች።

ዝም ልላት ነበር። እሷ የአንተን ነገር ይዛ ዝም አላለችኝም? እኔስ ዝም ብላት ምን አለበት አልኩ በሆዴ። ዓይኔ ግን ብርጭቆው ላይ ወደቀ፤ ያው የእኔው ተልባ ነው። አንሥቼ ደፋሁት። ሻይ ቤቱን አስዘግቼ፣ እየተጨቃጨቅን፣ በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ምኗ ነሽ ብትለኝ፣ ጣውንቷ ነኝ አልኳት። የሻረግ ደረቷን እንደያዘች ሳቀች።

ልቧ ነው አሉ። ብትቆይ ኖሮ አትተርፍም ነበር አሉ። አስተኝተው አከሟት። አሁን እህቷ ዘንድ ናት፤ መድኃኒቷን ትውጣለች፣ ለሌሊቱ ፈረቃ መክፈቱንም ትታዋለች።

ቅናቴ የበረደ እንዳይመስልህ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ስትተነፍስ እያየሁ፣ ይህ ቀን የአንተ ነበር እያልኩ አለቀስኩ። እጅ ይዞ፣ ተጨቃጭቆ፣ በባጃጅ መውሰዱ ለአንተ የሚገባ ነበር። ብትነግረኝ ኖሮ ተሸክሜም ቢሆን እወስድህ ነበር። አሁን ያንን ቀን እሷ ወሰደችው።

እኔ አንተን አልረሳም፣ የምታስታውስህ ሌላ ሴት እንዳለችም አልረሳም። ለሙት ዓመትህ ተነጋግረናል፤ ያን ዕለት ሙሾውን የማወጣው እኔ ነኝ፣ የሻረግ ትቀበለኛለች። ግጥሙንም ከወዲሁ ይዤዋለሁ፤

ለሷ ደረትህን ለኔ ፈገግታህን፣
ማን ብሎህ ከፈልከው ያንን አንድ ልብህን?

ቅናተኛዋ ሚስትህ፣
እናኑ