ዱዓው የሸፈነው የሐኪሙ ቃል

ማክሰኞ፣ ጥር 12። ከቀኑ 10 ሰዓት

ደብተሬ፣ ዛሬም ከምሳው ሥጋ ኩላሊቱ የኑሩ፣ አጥንቱ የእኔ። ወንድሜ ካለፈው ቅዳሜ አዲስ አበባ ታክሞ ከመጣ ወዲህ እማ ትራስ ስታስተካክል ትውላለች። ኑሩዬ፣ ተመቸህ? እኔንስ? ሰዓዳ፣ ተነሽለት! 19 ዓመቱ እኮ ነው። ቆቦ ውስጥ ልብ ያለው እሱ ብቻ መሰለኝ።

እኔም ተመርምሬያለሁ። የኑሩ ሕመም፣ የልብ ጡንቻ መወፈር፣ በዘር ይመጣል፣ እህቱም ትታይ ተባለ። ጤነኛ ሆንኩ። አልሃምዱሊላህ ያለልኝ የለም። አባዬ ጫማሽን አድርጊ አለኝ። በቃ።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ልንገርሽ። የማውቀውን ሌላ ሰው አያውቅም።

አዲስ አበባ ሐኪም ቤት፣ ዶ/ሩ የኑሩ ትልልቆቹ የልብ ደም ሥሮች አልተዘጉም ከማለቱ አጎቴ ሐሰን እጁን ዘርግቶ ዱዓ ጀመረ። አጎቴ ከጀመረ የአላማጣ አውቶቡስ እንኳ ቆሞ ይጠብቃል። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ አሚን፣ አሚን። ዶ/ሩ ግን ቀጠለ። ችግሩ ጡንቻው ውስጥ ያሉት ቀጫጭኖቹ ናቸው። ልቡ ሥራ ሲበዛበት በቂ ደም አያደርሱለትም። ሕመሙ ከዚያ ነው። የነሱ መድከም ለወደፊቱም ጥሩ ምልክት አይደለም፤ የቅርብ ክትትል ይፈልጋል። መሮጥና መዝለል ይተው።

ዱዓ ማን ያቋርጣል? አፌ አሚን ይላል፣ ጆሮዬ ዶ/ሩ ጋ ነው። ኑሩ ከጎን ባለው ክፍል ልብሱን እየለበሰ ነበር። የተጻፈልን ወረቀት እንግሊዝኛ ነው፤ አባዬ እንደ ሰርተፊኬት አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ቆለፈው። አጎቴ ጎብዬ ላለው ዘመድ ሁሉ ደወለ፦ "ድኗል!"

ዓርብ፣ ጥር 15

እሑድ ሮቢት የአጎቴ ልጅ ሰርግ ነው። ጭፈራውን የሚመራው ማን? ኑሩ! ሽማግሌዎቹ ጓሮ ተቀምጠው ለልምምድ ያዘልሉታል። ሁሉም በወጣትነቱ ጣሪያ ይነካ ነበር አሉ። አሁን ከበርጩማ ለመነሳት ሁለት ሰው የሚፈልጉት! እኔም እዘላለሁ እኮ። ማን አየኝ?

ለምን ዝም እንዳልኩ ልጻፈው። ብናገር ዕድሜ ልኩን ሊሞላቀቅ ነው። ድኗል ከተባለ ግን ሰርጉ ሲያልፍ እንደ ሰው ይላካል። ቀናሁ። ይኸው።

12 ሰዓት። ኑሩን ከአጥሩ ኋላ አገኘሁት። ደረቱን ይዞ ተቀምጧል፣ ላብ አጥምቆታል። ላሾፍበት ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። ለአባዬ እንዳትናገሪ አለኝ። ከዚያ እንደ ትንሽ ልጅ፦

"ድነሃል አሉኝ አይደል? ታዲያ ይኼ ምንድን ነው፣ ሰዓዳ?"

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ውሃ ላምጣልህ ብዬ ሮጥኩ። ውሃውን በእማ ላክሁ። ፈሪ!

እሑድ፣ ጥር 17። ጠዋት 2 ሰዓት

ሚኒባሱ ደጅ ቆሟል። ትናንት ቀኑን ሙሉ አባዬን ለብቻው ላገኘው ጠበቅኩ። ከሽማግሌ መሀል አይወጣም። ለብቻው ማለቴም ማምለጫ ነው፤ አውቄዋለሁ።

ስለዚህ አሁን፣ ሁሉም ፊት እናገራለሁ። ሰምቼ ስምንት ቀን መደበቄን ጭምር። ከቅናት መሆኑንም። አጎቴ ይርገመኝ። ኑሩ ከሰርጉ አስቀረችኝ ብሎ ይጥላኝ። በሕይወት ይጥላኝ ብቻ።

ጥሩምባው ይጮኻል። ኑሩ ሽርጡን አስሮ፣ እየሳቀ፣ አንድ እግሩን መኪናው ላይ አደረገ። ደብተሬ፣ ልነግራቸው ሄድኩ።