የጊፋታ ጽዳት

ሶዶ፣ ሐሙስ፣ መስከረም 9

ተማሪዬ አስቴር ዛሬ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ወደ ቦዲቲ ከመሄዷ በፊት የተቀመጠችበትን ኮምፒውተር አጸዳች። "አዲስ ዓመት ባልተጠረገ ቤት አይገባም" ብላ የማታውቀውን ፋይል ሁሉ አጠፋች። ወዲያው ከክፍሉ ማዶ ሌላው ተማሪዬ ማርቆስ ጮኸ። የቡድኑ የቢዝነስ ፕላን ዓይኑ እያየ ጠፋ። ከዚያ የሌሎቹም። የሁሉም ሥራ ያለው ኮምፒውተሮቹ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ሰርቨር ላይ ነው፤ እሷ የዚያን ፎልደር የራሷ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ መስሏታል።

አስቴር ክው አለች። "ቲቸር፣ እኔ እኮ የራሴን ብቻ ነው የጠረግኩት!" ቀጥሎ ፊቷ ትንሽ ፈካ አለ። "ግን ኮፒው እርስዎ ጋ አለ አይደል? ባክአፕ ያዙ ብለውን የለ?"

ብያለሁ። ትናንት፣ እዚያው ሰሌዳ ላይ፣ በቀይ ጽፌ።

ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ ኪሴን መዳበስ ጀመርኩ፤ ፍላሽ እንደሌለኝ እያወቅሁ።